እናቷን ላጣች ሠራተኛዬ ምን ላድርግላት?

የጠያቂው ደብዳቤ

«በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቂሊንጦ አካባቢ በሚገኝ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የአንድ መስመር ተቆጣጣሪ ነኝ። በሥሬ 32 ሠራተኞች አሉ፤ አብዛኞቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከእነሱ አንዷ ሦስት ዓመት አብራን የሠራች፣ በኮሌታ ስፌት የሚስተካከላት የሌለ ልጅ ናት። የዛሬ ወር እናቷ ማረፋቸውን በስልክ ሰማች። አገሯ ከደሴ ወዲያ ነው። በማግስቱ ንጋት ላይ ተነሥታ ሄደች፤ የደረሰችው ግን ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነበር። ሰባት የሥራ ቀን ቀርታ ተመለሰች። ድርጅቱ ሦስቱን ቀን ከፈላት፣ የአራቱን ቀን ደመወዝ ቆረጠባት፣ የመገኘት ማበረታቻዋን ከለከላት፣ በላዩም ላይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት።

አሁን ሥራዋ ላይ ናት፤ ነገር ግን የቀድሞዋ ልጅ አይደለችም። በቀን የምታወጣው ሥራ በጣም ቀንሷል። ባለፈው ሳምንት መርፌ ጣቷን ወጋት። ድሮ በምሳ ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ከግንቡ ሥር ተቀምጣ ለእናቷ ትደውል ነበር፤ አሁንም እዚያው ትቀመጣለች፣ ስልኩን በእጇ ትይዛለች፣ ግን አትደውልም። ጓደኞቿ መጀመሪያ አብረዋት አለቀሱ፤ አሁን የመስመሩ ኮታ አልሞላ ስላለ ማጉረምረም ጀምረዋል። አንዷማ ‹ትናንት ስትስቅ አይቻታለሁ፤ ምን ሐዘን አለባት?› ስትል ሰማኋት። ከዐሥር ቀን በኋላ የእናቷ አርባ ስለሆነ ፈቃድ ጠይቃለች፤ የሰው ሀብት ክፍል ደግሞ የሐዘን ፈቃዷን ጨርሳለች ብሎኛል። በአንድ ሥልጠና ላይ ሐዘን አምስት ደረጃ አለው ተብሎ ተምሬ ነበር፤ እሷ የትኛው ላይ እንዳለች ለማወቅ ብሞክርም አልቻልኩም። ከላይ ኮታ ይጠይቁኛል፣ ከታች የእሷን ፊት አያለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው ያ የስድስት ሰዓቱ ስልክ ነው። ይህን ማየትዎና ማስታወስዎ ራሱ ለዚህች ልጅ ትልቅ ነገር እንደሆነ ልንገርዎ፤ በ32 ሰው መካከል አንዷ በምሳ ሰዓት ለማን ትደውል እንደነበር የሚያውቅ ተቆጣጣሪ ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ ለማድረግ የሚያስፈልገው ልብ አለው።

ጊዜ የማይሰጠው የማስጠንቀቂያው ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 81 ላይ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ልጁ፣ ወላጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ የሞተበት ሠራተኛ ደመወዝ እየተከፈለው የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ እንዲያገኝ ደንግጓል። የሰው ሀብት ክፍላችሁ እስከዚህ ድረስ አንብቦ ያቆመ ይመስለኛል። ይኸው አንቀጽ ግን ዝቅ ብሎ፣ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ያጋጠመው ሠራተኛ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን የሚደርስ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ማግኘት እንደሚችል፣ ይህም በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ከሁለት ጊዜ እንደማይበልጥ ይናገራል። እንግዲህ ልጅቱ ከቀረችባቸው ሰባት የሥራ ቀናት ሦስቱ የሐዘን ፈቃድ ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ አራቱ በዚህ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሊያዙ ይችሉ ነበር ማለት ነው። እንዲያ ተይዘው ቢሆን ኖሮ ደመወዙ መቆረጡ ባይቀርም፣ ልጅቱ ፈቃድ ላይ የነበረች እንጂ ከሥራ የቀረች ተብላ አትመዘገብም ነበር።

ይህ የቃላት ልዩነት ብቻ አይደለም። በዚያው አዋጅ መሠረት አንድ ሠራተኛ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው፣ ያለ በቂ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ ከቀረ፣ አሠሪው ውሉን ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊያቋርጥ ይችላል። አራት ቀን እንደ መቅረት የተቆጠረባትና ማስጠንቀቂያም የተጻፈባት ይህች ልጅ አንድ ቀን ታማ ብትተኛ ወይም አርባዋን ለማውጣት ሳይፈቀድላት ብትሄድ እንጀራዋን እንደምታጣ አድርጋ ታስባለች፤ ፍርሃቷም መሠረት የሌለው አይደለም። ሕጉ «ያለ በቂ ምክንያት» ሲል ግን የእናቱን ሞት ሰምቶ አገሩ የሄደውን ሰው አይመለከትም። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ሄደው ማስጠንቀቂያው እንዲነሣና አራቱ ቀናት በፈቃድ እንዲያዙ በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

ከያለ ደመወዙ ፈቃድ የሚሻል መንገድም አለ። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት ደግሞ አንድ ቀን ይጨመራል። ሦስት ዓመት ከሠራች 17 ቀን ይደርሳታል ማለት ነው። ያልተጠቀመችበት ቀን ካላት፣ እሷ ስትስማማ አራቱን ቀናት ከዚያ ላይ ቀንሶ የተቆረጠውን ደመወዝ መመለስ ድርጅቱን ብዙ አያስቸግረውም። ማስረጃ ይቅረብ ከተባለ ለአርባው ስትሄድ ከቀበሌዋ የሞት ምስክር ወረቀት ልታመጣ ትችላለች፤ ይህም እንደ ክስ ሳይሆን በቀስታ፣ በቂ ጊዜ ተሰጥቷት እንዲነገራት አደራ።

በዚህ አጋጣሚ ለአለቆችዎም ሊያነሡት የሚገባ ነገር አለ። ሦስት ቀን የሚበቃው ቀብሩ በእግር ለሚደርሰው ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፣ ከደሴ ወዲያ ያለው የገጠር መንገድ ሌላ ቀን ሊጨምር ይችላል፤ መመለሻውም ያንኑ ያህል ነው። ይህች ልጅ ከፈቃዷ ውስጥ እናቷን ያለቀሰችበት ጊዜ ቢቆጠር ከግማሽ ቀን የሚበልጥ አይመስለኝም፤ የቀረው በአውቶቡስ ወንበር ላይ አልቋል። አዋጁ ያስቀመጠው ዝቅተኛውን መጠን ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በኅብረት ስምምነቱ ላይ ለሩቅ አገር ሰው የመንገድ ቀን እንዲጨመር መደራደር ይቻላል፤ ማኅበር ባይኖርም ድርጅቱ በራሱ መመሪያ ሊያደርገው የሚከለክለው የለም።

አሁን ወደ ልጅቱ እንምጣ።

እኛ ሐዘንተኛን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻውን አንተውም። መርዶው ራሱ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። ጡሩምባው ይነፋል፣ እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ አግዳሚውና ድስቱ ይመጣል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ሐዘንተኛው ጎን የሚያድር፣ ጉረሺ ጉረስ የሚል ሰው አይጠፋም። አልቃሿ የሟችን ስምና ሙያ እየጠራች ስታወርድ፣ ሐዘንተኛው በአንድ ቀን የዓመት ያህል ያለቅሳል። ይህ ሁሉ ግን ሰፈር ላለው ሰው ነው። በእርስዎ መስመር ላይ ያሉት ልጆች በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በዙሪያው ባሉ መንደሮች አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው፣ ሌሊት ሰርቪስ ጠብቀው ሄደው፣ ማታ ደክሟቸው የሚመለሱ ናቸው። እድር ተመዝግቦ በየወሩ መዋጮ የሚከፍል ሰው ነው፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የምትከራይ ወጣት ልጅ በአካባቢው እድር ስሟ የመግባቱ ነገር ጠባብ ነው። ስለዚህ እናቷ ሲሞቱ በደጇ ድንኳን አልተተከለም። መርዶዋን በስልክ፣ ምናልባትም ቆማ ሳለች፣ ሰማች። አገሯ ስትደርስ ቀብሩ አልፏል፣ አልቃሹ ተበትኗል። ከዚያ ተመልሳ የመጣችው ማስጠንቀቂያ ወዳለበት ነው።

እኔ ይህን ሳስብ ለዚህች ልጅ እዚህ ከተማ ዳርቻ ያላት እድር የእርስዎ መስመር ነው ባይ ነኝ። እስከ ዛሬ በኪራይ ቤቷ ለቅሶ ያልደረሳት ከሆነ አልዘገየም። በባህላችን ሩቅ የነበረ ሰው ከወራት በኋላም ቢሆን ለቅሶ ይደርሳል፤ «አልሰማሁም ነበር» ወይም «አልተመቸኝም ነበር» ብሎ ይገባል፣ ሐዘንተኛውም ቅር አይለውም። በመጪው እሑድ፣ እሷ ካልከበዳት፣ ከመስመሩ አራት አምስት ሰው ሆናችሁ ሂዱ። ብቻዎን አይሂዱ፤ አለቃዋ ወንድ ነዎትና ለእሷም ለእርስዎም አይሆንም። ሴቶቹ ቀድመው ገብተው ቡና ያፍሉ። የመዋጮ ገንዘብ ካለ በትልቋ ሴት በኩል ይሰጣት፤ ማን ምን ያህል እንዳዋጣ አይነበብ። አንድ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል።

ለብቻዋ የሚያነጋግሯት ደግሞ እንዲህ ነው። ቢሮ አያስጠሯት፤ ማስጠንቀቂያ የተጻፈባት ሠራተኛ ቢሮ ስትጠራ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣብኝ ብላ ነው የምትገባው። ያ የምሳ ሰዓት ቦታዋም የእሷ ነው፤ በስድስት ሰዓት በድንገት ሄደው አጠገቧ አይቀመጡ። ከሥራ መውጫ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ከማሽኗ አስነሥተው፣ ሰው እያያችሁ ግን በማይሰማችሁ ቦታ ቆመው፣ መጀመሪያ የሐዘኑን ነገር ብቻ ያንሡ። «እናትሽን በማጣትሽ በጣም አዝኛለሁ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ። በጊዜው ለቅሶ ሳልደርስሽ ቀረሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» ማለት ይችላሉ። ቀጥሎም «እናትሽ ስማቸው ማን ነበር? ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብለው ይጠይቋት። ይህን የምመክርዎ በምክንያት ነው። በለቅሶው ላይ የእናቷ ስም ሲጠራ፣ ደግነታቸው ሲነገር አልሰማችም፤ ሙሾው አልፏታል። ስማቸውን የሚጠይቃት ሰው ማግኘቷ፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ብትመልስም፣ የቀረባትን ነገር ጥቂት ይመልስላታል። ብታለቅስ ይጠብቋት፤ አያባብሏት፣ አያቋርጧት።

አባቴን ባጣሁ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀጣሪ ነበርኩ። በስምንተኛው ቀን ስመለስ አለቃዬ በኮሪደር አግኝቶኝ «በርታ በርታ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አለፈ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ የሚለው ጠፍቶት ነው። በዚያው ክፍል የነበረች አንዲት ጸሐፊ ግን ለሁለት ወር ያህል በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ሁለት ሻይ ይዛ መጥታ፣ አንዱን ከፊቴ አስቀምጣ፣ የራሷን ጠጥታ እስክትጨርስ ምንም ሳትናገር አብራኝ ትቀመጥ ነበር። አሁን ስንት ዓመቱ ነው፤ የሻይ ብርጭቆው ከጠረጴዛው ጋር ሲገናኝ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ስለዚህ «ለሁሉም የማይቀር ነው»፣ «ሸምግለው ነው»፣ «አታልቅሺ፣ ነፍሳቸውን ታስጨንቂያለሽ» የሚሉትን ንግግሮች ይተዉ፤ «እኔም እናቴን ሳጣ» ብለው የራስዎን ታሪክም አይጀምሩላት። ብዙ ቃል አይፈለግም።

ከዚህ በኋላ ስለ ሥራው ማንሣት ይችላሉ፤ እዚህ ላይ ግን ይሉኝታን ያስታውሱ። «ምን ላግዝሽ?» ብለው ቢጠይቋት «ምንም ጋሼ፣ ደህና ነኝ» ነው የምትልዎ፤ ልማዳችን ይህን ያስገድዳታል፣ በዚያ ላይ አለቃዋ ነዎት። ስለዚህ ሁለት የተዘጋጁ ነገሮች ይዘው ይሂዱና ታማርጥ። አንደኛው፣ ለአራት ሳምንት ያህል ከኮሌታው ማሽን ተነሥታ ወደ ክር ቆረጣ ወይም ወደ ፍተሻ መዛወር ነው። ሁለተኛው፣ እዚያው ማሽኗ ላይ ሆና ኮታዋ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ግማሽ፣ ከዚያም በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ እንዲመለስ ማድረግ ነው። በሁለቱም በኩል ደመወዟ እንደማይነካ፣ ጊዜው ሲያበቃ ቦታዋ እንደሚጠብቃት በግልጽ ይንገሯት። ሳይጠይቋት ቀላል ሥራ ላይ እንዳያስቀምጧት ግን አደራ እላለሁ፤ ለአንዳንድ ሐዘንተኛ የለመደው ማሽን መጠለያው ነው፣ እጁ የሚያውቀውን ሥራ ሲሠራ ብቻ ነው ሐሳቡ የሚያርፈው። ከዚያ ሲያነሡት ቅጣት ይመስለዋል።

የጣቷን ነገር ግን በቀላሉ አይዩት። ሐዘን እንቅልፍ ይነሣል፣ ልብን ይከፍላል፤ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚወርድ መርፌ ፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሐሳቡ ለቅጽበት ቢሄድ ጣቱ ይከፍላል። ጉዳቱ በሥራ ላይ እንደደረሰ አደጋ ይመዝገብ፤ በጤና ክፍሉ ታይታ ካልሆነም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷን በጤና ጣቢያ ትጠይቅ። ማታ ትተኛ እንደሆነ ይጠይቋት። ሌሊት እንቅልፍ በዐይኗ ያልዞረ ቀን ሳትፈራ «ዛሬ ማሽን ላይ አልቀመጥም» ማለት እንድትችል አስቀድመው ይፍቀዱላት። ጥቁር መልበሷንም በደንብ ልብስ ሰበብ ማንም እንዳይከለክላት፤ ነጠላው ማሽኑ ላይ እንዳይያዝ የሚያሰጋ ከሆነ ጠበቅ ብሎ የሚታሰር ጥቁር ሻሽ ይበቃል።

ስለ አምስቱ ደረጃዎች ጠይቀዋል። ይህን ሐሳብ ያስፋፋችው ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ የተባለች ሐኪም ስትሆን፣ በ1969 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስትጽፍ የተነሣችው ራሳቸው በሞት አፋፍ ላይ ከነበሩ ሕሙማን ጋር ባደረገችው ንግግር ነበር። ቆይቶ ነው ወደ ሐዘንተኞች የዞረው፤ በየሥልጠናውም እንደ ደረጃ መውጫ ሆኖ ይነገራል። ሐዘን ግን በተራ አይሄድም፤ ልጅቱንም በየትኛው ደረጃ ላይ ናት ብለው አይፈልጓት፣ አያገኟትም። ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅምዎ ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ይመስለኛል። እነሱ እንደሚሉት ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ ወደ ያጣው ሰው ይዞራል፣ ያለቅሳል፣ ይናፍቃል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ኑሮው ይዞራል፣ ይሠራል፣ ይጫወታል፣ ይስቃል። መመላለሱ ራሱ የጤና ነው። ያቺ ጓደኛዋ ያየችው ሳቅ እንግዲህ ይህ ነው። ስቃ ስታበቃ በስድስት ሰዓት ከግንቡ ሥር መቀመጧም ሐሰት አይደለም፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። አገራችንም ይህን ታውቀዋለች፤ በለቅሶ ቤት ማታ ማታ የሟችን ጨዋታ እያነሡ ሲሳቅ ያላየ ማን አለ?

የጓደኞቿን ማጉረምረም በምክር ብቻ አያበርዱትም፤ ምክንያቱ ኪስ ነው። የእሷ ሥራ መቀነስ የሌሎቹን ማበረታቻ የሚነካ ከሆነ፣ ዛሬ አብራት ያለቀሰች ልጅ ነገ ብትቆጣ አይፈረድባትም፤ እሷም ለእናቷ ገንዘብ የምትልክ ናት። ስለዚህ ወደ ምርት ኃላፊው ሄደው፣ ለእነዚህ አራት ሳምንታት የመስመሩ ኮታ በ32 ሰው ሳይሆን በ31 ሰው እንዲሰላ ይጠይቁ፤ ኮሌታው ላይ ተደራቢ ሠራተኛ ይሰጠኝ ይበሉ። ኃላፊው ስለ ሐዘን መስማት ባይፈልግ እንኳ፣ ሦስት ዓመት የሠለጠነ እጅ ለቅቆ ቢሄድ አዲስ ሰው ያንን ኮሌታ በዚያ ፍጥነት እስኪሰፋ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ እርስዎ ያውቁታል፤ ያንን በቁጥር ያስቀምጡለት። ኮታው ከተስተካከለ በኋላ ነው መስመሩን ሰብስበው መናገር ያለብዎ፤ ያንንም ልጅቱን አስፈቅደው፣ እሷ በሌለችበት፣ ባጭሩ። ከእሷ ጋር በሰርቪስ የምትሄድ አንዲት ረጋ ያለች ልጅ ብትኖር ጠዋትና ማታ አጠገቧ እንድትቀመጥ በለሆሳስ ይንገሯት። ያ የሰርቪስ መንገድ፣ በተለይ ጨለማ ሳለ፣ ለሐዘንተኛ ረጅም ነው።

አሁን ስለ አርባው። ቀብሩ ላይ ላልደረሰ ሰው አርባ ተጨማሪ ሥርዓት ብቻ አይደለም። እህት ወንድሞቿ አልቅሰው ጨርሰው ይሆናል፤ እሷ ግን በመቃብሩ ፊት ቆማ ፍትሐቱ ሲደርስ የምትሰማው፣ ከዘመድ ሁሉ ጋር ተቃቅፋ የምታለቅሰው ያኔ ነው። ብትከለክሏት ሰውነቷ እዚህ ማሽኑ ላይ ይሆናል፣ እሷ ግን እዚያ ናት፤ ያቺ የተወጋች ጣት ምን ላይ እንደምትሆን ደግሞ ያስቡት። የሰው ሀብት ክፍሉ «ጨርሳለች» ሲል ስለ ሦስቱ ቀን ልክ ነው። የዓመት ፈቃዷ ግን አላለቀም፤ ከ17ቱ አራቱ ቢቀነስ እንኳ፣ ካልተጠቀመችበት 13 ቀን ይቀራታል። ለመሄጃ፣ ለመመለሻና ለሥርዓቱ አምስት የሥራ ቀን ከሰንበቱ ጋር ተዳምሮ ይበቃታል። በሆነ ምክንያት የዓመት ፈቃዱ አይሆንም ከተባለ፣ ያ ከላይ ያልኩት የአምስት ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ የሚፈቀድ ነውና ሕጉን ይዘው ይጠይቁላት። ዐሥር ቀን አለዎት፤ ይህን ወደ መጨረሻው ቀን አይግፉት፣ ልጅቱም ለተዝካሩ ከአገሯ ሰው ጋር መነጋገርና ማዘጋጀት አለባት።

ለወደፊቱ ግን ሁሉንም ሠራተኛ በአንድ የቀን መቁጠሪያ አይለኩ። ከመስመርዎ ሙስሊም ሠራተኛ ብታዝን ተዕዚያው፣ ማለትም ለቅሶ የሚደረስበት ጊዜ፣ የሦስት ቀን ነው፤ ባሏ የሞተባት ከሆነች ደግሞ አራት ወር ከዐሥር ቀን የሚቆይ ዒዳ የሚባል የሐዘን ጊዜ አለባት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ወይም ከቤቷ ርቃ የምታድርበት ሥራ ሊከብዳት ይችላል። አርባና ተዝካር የማያወጡ ክርስቲያኖችም አሉ። ጠይቆ ማወቅ ነውር የለበትም።

አንድ ነገር በጥብቅ ይከታተሉ። ሐዘን በራሱ ሕመም አይደለም፤ በአንድ ወር ውስጥ ማልቀሷ፣ መፍዘዟ፣ ሥራዋ መቀነሱ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ምግብ ጨርሶ እምቢ ካላት፣ ለቀናት እንቅልፍ ካጣች፣ ወይም «ምን አለኝ ብዬ እኖራለሁ»፣ «እናቴን ተከትዬ ብሄድ ይሻለኛል» የሚል ነገር ከአፏ ከወጣ፣ ለጊዜው የተነገረ ነው ብለው አይለፉት። በዚያን ቀን ብቻዋን እንዳትሆን ያድርጉ፤ አብራት የምትኖረውን ልጅ ያስታውቁ፤ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ካስፈለገ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚወስዳት ሰው ይመድቡ። ነፍስ አባቷን ማነጋገር ወይም ጠበል መሄድ ከፈለገች አይከልክሏት፤ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም፣ ከስድስት ወር በላይ ምንም ሳይቀልል የቆየና ኑሮን የሚያሰናክል ሐዘን ሕክምና የሚያስፈልገው መሆኑን ይቀበላል፤ ስለዚህ በአራት ሳምንቱ ፕሮግራም ጉዳዩን ዘግተው አያስቀምጡት። በሁለተኛው ወር፣ በሦስተኛው ወር፣ በዓል በደረሰ ጊዜ አንዳንዴ «እንዴት ነሽ?» ብለው ቆም ብለው መልሱን ይጠብቁ። ሙት ዓመቱ የሚውልበትን ቀንም ዛሬውኑ በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉት።

እርስዎም በሁለት በኩል እንደሚጨነቁ አልዘነጋሁም። ለምርት ኃላፊው ስለ 31ዱ ሰው ሲናገሩ ፊቱ ሊጠቁርብዎ ይችላል። ያም ሆኖ ነገ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሰው ሀብት ክፍሉ በር ላይ ይቁሙ። ሁለት ነገር ይዘው ሳይወጡ አይመለሱ፦ ማስጠንቀቂያው የተነሣበትን ደብዳቤና የአርባውን ፈቃድ። ሁለቱም የቃል ተስፋ ሳይሆን ማኅተም ያረፈባቸው ወረቀቶች ይሁኑ፤ ቅጂያቸውንም የአውቶቡስ ትኬቷን ከመቁረጧ በፊት በእጇ ይስጧት።